መጽሐፎቼን ልሽጥ ወይስ ልሸከም? (ኪንድል ሊላክልኝ ነው)

ባለካርቶኑ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው።

በሚቀጥለው ወር ቤት እንለቃለን። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ አራተኛችን ነው። ከጀሞ ወደ አያት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ሌላው ዕቃችን ያን ያህል አይደለም። መጽሐፉ ግን 11 ካርቶን ነው። ባለፈው ስንገባ ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ካርቶኑን ብድግ አደረገና መልሶ አስቀመጠው። «ወንድም፣ ሲሚንቶ ነው እንዴ?» አለኝ። መጽሐፍ ነው ስለው ዋጋው ጨመረ።

ባለቤቴ ምንም አትልም። ዝም ብላ ካርቶኖቹን ትቆጥራለች። ያ ደግሞ ይብሳል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ «ኪንድል እልክልሃለሁ፣ ከዚህ ጣጣ ተገላገል» አለችኝ። የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ (ኢ-ሪደር) ማለቷ ነው። አክስታችን ልትመጣ ስለሆነ በሻንጣዋ ይዛልኝ ትገባለች። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ሁለት ገጽ ካነበብኩ ሦስተኛው ላይ ራሴን ፌስቡክ ውስጥ ነው የማገኘው። ስለዚህ ፈራሁ።

ኪንድል አማርኛ ያነባል? ዓይንስ? መጽሐፎቹን ሸጦ የተጸጸተ ሰው አለ?

ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ግማሹ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት አሉ። አራት ካርቶን የሚሆን አማርኛ አለ። የአባቴ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትም አለ።

አዟሪው | ሰኞ፣ ማታ 2፡52

መዝገበ ቃላቱ የ1962ቱ ነው? ሽፋኑ አለ?

ባለካርቶኑ | ሰኞ፣ ማታ 2፡58

አዎ፣ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የታተመው። ሽፋኑ አለ፣ ጀርባው ትንሽ ተላጧል። ግን እሱ አይሸጥም።

ፊደል_ቆጣሪ | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ስለ ዓይኑ ልጀምርልህ። ኪንድል እንደ ስልክ አይደለም። ስልክህ ብርሃን ወደ ዓይንህ ይረጫል። ኪንድሉ ላይ ያለው ኢ-ኢንክ የሚባለው ነው። ከመስታወቱ ሥር ዱቄት የመሰሉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ። ኤሌክትሪኩ ጥቁሩን ወደ ላይ ሲያወጣው ፊደል ይሆናል፣ ነጩን ሲያወጣው ወረቀት ይመስላል። አንዴ ከተደረደሩ በኋላ ባትሪ አይበሉም፤ ኃይል የሚፈጀው ገጽ ሲገለጥ ነው። ለዚህ ነው አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ሳምንታት የሚቆየው። መብራት ለሚሄድበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፀሐይ ላይም እንደ ወረቀት ይነበባል። ማታ የሚበራው መብራት ከጎን በገጹ ላይ ይፈሳል እንጂ ከኋላ አይወረወርብህም።

ስለ እንቅልፍ «ኢ-ሪደር እንቅልፍ ይነሳል» እያሉ የሚያስፈራሩህም ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው የአሜሪካኖቹ ጥናት ነው። 12 ሰዎች ናቸው የተጠኑት፣ ያነበቡትም አይፓድ ላይ ነው። ኢ-ኢንክ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ አማርኛው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩኒኮድ የተተየበ ኢፐብ (ፊደሉ የሚተልቅ የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ካገኘህ ችግር የለብህም። የእኔ አሮጌው ላይ መጀመሪያ ሁሉም ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣብኝ። ኖቶ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት በኬብል ስጭንበት ተስተካከለ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ጣጣው ያለው መጽሐፉ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ የምታገኘው የአማርኛ «ኢ-ቡክ» አብዛኛው ፎቶ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ አንስቶ ፒዲኤፍ ያደረገው። ፎቶ ደግሞ ፊደሉ አይተልቅም፣ መስመሩ አይታጠፍም። ስድስት ኢንች ላይ ስትከፍተው ጽሑፉ ጉንዳን ያህላል። አጉልተህ ግራ ቀኝ እየጎተትክ ነው የምታነበው። ከሦስት ገጽ በኋላ ትወረውረዋለህ።

ለምን ደህና ኢፐብ የለም ብትል አንዱ ምክንያት ይኸውልህ። የድሮዎቹ ፋይሎች በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች) ዘመን የተተየቡ ናቸው። ዩኒኮድ ስላልሆኑ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ግን ከቀየሩት በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ማረም አለበት። ያንን ማን ይክፈል?

ፈታ_በል | ሰኞ፣ ማታ 4፡31

ጀለስ፣ ሽጠው በቃ። ሰው በአንድ ስልክ ዓለምን ይዞ እየዞረ አንተ አራተኛ ፎቅ ሲሚንቶ ታወጣለህ። የመጽሐፍ ሽታ ምናምን ለሚሉህ ሰዎች አንድ ካርቶን አሸክማቸው።

ማታ_ሪያድ | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 7፡05

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ሥራ የምጨርሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ክፍሉን ከሌላ ልጅ ጋር ነው የምጋራው፣ መብራት ማብራት አልችልም። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ ነው የማነበው። እዚህ ከመጣሁ ከሠላሳ በላይ የአማርኛ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ሁሉንም ከቴሌግራም። ጉንዳን ያህላል ላልከው ወንድሜ፣ እኔ ጉንዳኑን ለምጄዋለሁ።

ወረቀት ይሻላል ወይስ ስልክ ስትሉ ትንሽ ይገርመኛል። እዚህ የአማርኛ መጽሐፍ ከየት ይመጣል?

ደራሲ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ቴሌግራሙ ከተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልብ ወለድ አሳተምኩ። 2000 ቅጂ። ከተዋዋልኩበት ቀን እስከ ታተመበት ቀን የወረቀት ዋጋ ሁለቴ ተቀየረ። ከዕቁቤ ላይ ጨምሬ ነው ያስጨረስኩት። በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ነበር። ፎቶ ያነሳው ሰው ገጹን ሲይዝ አውራ ጣቱ ሳይቀር ገብቷል። በየገጹ ጥግ ያ አውራ ጣት አለ። አሁንም በሕልሜ ይመጣብኛል።

ሕጉ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ዓዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ግን ስም የሌለውን ቻናል አስተዳዳሪ የት ሄጄ ልክሰሰው? አንዱ ሲዘጋ በማግስቱ ሌላ ይከፈታል።

ማታ_ሪያድ | ማክሰኞ፣ ቀን 9፡40

ጋሼ፣ ያንን አውራ ጣት ያለበትን መጽሐፍ ሳላነበው አልቀረሁም። ጣቱ ጥፍሩ ላይ ጥቁር ምልክት አለው?

ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ። ልክፈል ብልስ በምን ልክፈል? ባንክ ካርድ የለኝም። ደመወዜን ለቤተሰብ የሚልክልኝ ሰው ነው።

ደራሲ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

አለው። ጥቁር ምልክት አለው።

እህቴ፣ አንቺን አይደለም የወቀስኩት። የምትከፍይበት መንገድ ቢኖር ደስ ብሎኝ የምሸጥልሽ እኔ ራሴ ነበርኩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ አራቴ ነው የጻፍኩት። ማልቀስሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

ተጠራጣሪው | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ኪንድል ላይ «የገዛኸው» መጽሐፍ የአንተ አይደለም። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ከሰዎች ኪንድል ላይ የተገዛ መጽሐፍ ከርቀት አጠፋ። የሸጠው ወገን መብቱ አልነበረውም ተብሎ ነው፣ ገንዘቡም ተመልሷል፤ ኋላም የአማዞን መሥራች ቤዞስ ይቅርታ ጠይቋል። ግን አስቡት፣ ከጠፉት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነው። መንግሥት የማይፈልገው ጽሑፍ ከዓለም እንዲጠፋ ስለሚደረግበት አገር የተጻፈው! ይሄን ቀልድ ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም።

ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የገዛኸውን ወደ ኮምፒውተርህ አውርደህ በኬብል የምታሻግርበትን ቁልፍ አንስተውታል። ካርቶንህን ግን ሌሊት መጥቶ የሚያጠፋብህ የለም። ምስጥ ካልሆነ በቀር።

ፊደል_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡02

እውነት ነው። የራስህን ኢፐብ ከሌላ ቦታ አምጥተህ፣ ኪንድል ወደሚያነበው ፋይል ቀይረህ በኬብል መጫን ግን አሁንም ይቻላል። እህትህ ገና ካልገዛችው ኮቦ የሚባለው ሌላ ማንበቢያም ጥሩ ነው፤ ኢፐብ ያለ ምንም ልወጣ ይከፍታል።

መምህር_ዘወሎ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡30

እኔ ከክፍል ነው የምጽፈው፤ ምሳ ሰዓት ነው። ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር መጽሐፉ መጀመሪያ የደረሰን በሶፍት ኮፒ ነበር። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች ነበሩ። ስማርት ስልክ ያላቸውን ቆጠርኩ፣ 14። አንድ ስልክ ላይ አራት አምስት ልጅ አንገት ለአንገት ተያይዞ ሲያነብ ታያላችሁ። ባለስልኩ መስመሩን ሲጨርስ ይገፋዋል፣ ሌላው «ቆይ፣ ቆይ» ይላል። አንዷ ልጅ ባዮሎጂውን ሥዕሉ ሳይቀር በእጇ ደብተር ላይ ገለበጠችው። በዚያ ዓመት ከሁሉም የበለጠ ያመጣችው እሷ ናት። ልብ በሉ፣ የወረቀት ተአምር ነው አላልኩም። ልጅቷ ጎበዝ ናት።

ግን ጥናት ለሚወድ ይኸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ 54 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። በድምሩ ከ170 ሺህ በላይ አንባቢ ነው። ተመሳሳይ ጽሑፍ በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት የተሻለ ተረድተዋል። ልዩነቱ ሰዓት ሲገደብ ይሰፋል። ትምህርታዊ ጽሑፍ ላይም ይታያል። ታሪክና ልብ ወለድ ብቻ ሲሆን ግን ልዩነት አልተገኘም።

ስለዚህ ባለካርቶኑ፣ ልብ ወለዱን ኪንድልህ ላይ እንደልብህ። ለፈተና የምታነበውን ግን ወረቀት ላይ አድርገው።

ብርዱ_ስቶክሆልም | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

መምህር ያሉት እዚህ ፖለቲካ ሆኗል። ስዊድን ለትምህርት ቤት ልጆች ታብሌት በማደል ቀዳሚ ነበረች። አሁን ወደ መጽሐፍ ተመለሱ። በ2023 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለመማሪያ መጻሕፍት 685 ሚሊዮን ክሮኖር መደበ፣ ለ2024 እና ለ2025 ደግሞ በየዓመቱ 500 ሚሊዮን። ልጄ በቦርሳዋ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ «እናቴ፣ ከበደኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ክፉ እናት ነኝ መሰለኝ።

የአማርኛው ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች አማርኛ ትምህርት አለን። መጽሐፍ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ኪሎውን ከጨረሱት በኋላ የተረፈ ቦታ ካለ። ለተረት መጽሐፍ በርበሬ የሚቀንስ ዘመድ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ፒዲኤፍ እናወርዳለን፣ እናትማለን፣ በስቴፕለር እንሰፋለን። ልጆቹ በከለር ይቀቡታል፣ ይቀዳድዱታል፣ ሾርባ ይደፉበታል። በወር በወሩ አዲስ እናትማለን።

ፈታ_በል | ረቡዕ፣ ማታ 3፡08

«ለተረት መጽሐፍ በርበሬ የሚቀንስ ዘመድ» 😂 ሞትኩ

ዲያቆኑ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

ፒዲኤፍን እንደ ጠላት ለምታዩ አንድ ነገር ላንሳ። ብራና ከሁሉም ይጸናል፣ እሱን አልከራከርም። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በካርበን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ መካከል የተገመተ ነው። አሁንም ይገለጣል።

ግን ሁሉም እንደ እሱ ዕድለኛ አይደለም። እሳት አለ፣ ዝናብ አለ፣ ሌባ አለ፣ ጦርነት አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረና ከ9000 በላይ ጥራዝ ተነሣ። ቅጂው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካታሎግ ሲያደርጉት ኖሩ። ዛሬ ብዙውን ስክሪን ላይ አየዋለሁ። ገዳሙ ድረስ ሄጄ ባለዕቃ ቤቱን ለምኜ፣ ተጠርጥሬ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ የማየውን ማለት ነው። በእጅ የመያዙ ነገር ሌላ ነው። ብራናውን የነካ እጅ ቀኑን ሙሉ ይሸታል፤ በመልካሙም በመጥፎውም።

የልጅ_ልጄ_ትጽፍልኛለች | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ልጆች፣ እኔ 74 ዓመቴ ነው። የምናገረውን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ዓይኔ ከደከመ ቆየ። መጽሐፍ ገዝተው ያመጡልኛል፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ዓይኔ አይቀበለውም። ይቺ ልጅ ዳዊቱን ታብሌት ላይ ከፍታ ፊደሉን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አተለቀችልኝ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ዳዊት በመብራት ይደገማል? አሁን ለምጄዋለሁ። ባትሪው ሲያልቅ ብቻ «አቤቱ» ብዬ መሀል ላይ እቀራለሁ።

ደግሞ ስለ ጆሮ ማንም አልተናገረም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ታሪኩን ሰምቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው መጽሐፉን የገዛሁት። ሳነበው በእሱ ድምፅ ነው የማነበው፣ እስከ ዛሬ።

ፊደል_ቆጣሪ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡44

እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ተራኪ የሚባለውን አፕ ስልኳ ላይ ትጫንልዎት። የአማርኛ መጻሕፍት በድምፅ አሉበት።

አዟሪው | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡00

እኔም ልናገር እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሸጫለሁ። መጀመሪያ ከእጄ እስከ አገጬ ከምሬ ካፌ ለካፌ እየዞርኩ፣ አሁን ለገሃር አካባቢ ቁጭ ብዬ። ከእኔ በፊት የነበሩት ደግሞ ያከራዩም ነበር። መያዣ አስቀምጠህ፣ በቀን ሳንቲም ከፍለህ፣ አንብበህ ትመልሳለህ። አንድ መጽሐፍ ሃምሳ ሰው እጅ ይገባ ነበር። ያኔ ደራሲው ከሃምሳው ያገኘው የአንዱን ነው። ቴሌግራምን የፈጠረው ሩሲያዊ አይደለም በሉኝ።

ቴሌግራም ሥራ ገደለብህ ወይ ለምትሉኝ፣ አዎም አይደለምም። ተማሪው ጠፍቷል። ግን ፒዲኤፉን አንብቦ ወድዶት «ወረቀቱን አምጣልኝ» የሚል አዲስ ዓይነት ደንበኛ መጥቷል። ስጦታ ሊሰጥ ነው፤ ፒዲኤፍ ለልደት አይሰጥም። ጨርሶ የሞተብኝ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ ባለካርቶኑ፣ የእንግሊዝኛውን ብዙ እከፍልሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። የዩኒቨርሲቲውን ጭራሽ አላነሳውም። አማርኛውን ደህና ዋጋ እሰጥሃለሁ። ከገበያ የጠፋ ካለህበት ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

መዝገበ ቃላቱን ፎቶ አንስተህ ለጥፍልኝ እስቲ።

ባለካርቶኑ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 10፡20

ይቅርታ ጠፋሁ። ተዛውረናል። ወገቤ አሁንም ያመኛል።

ኪንድሉ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በሁለት ሳምንት ሦስት ጨረስኩ፤ በአንድ ዓመት ያላነበብኩትን ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ መብራት በሄደበት ማታ። ፌስቡክ የለውም፣ ዋናው መድኃኒት ይሄ ነው። ፊደል_ቆጣሪ ያልከውን ፎንት ጫንኩ፣ በዩኒኮድ የተተየበ አንድ የአማርኛ ኢፐብ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። የደራሲ_ነኝን መጽሐፍ ከአዟሪው ገዛሁ፣ በወረቀት፤ አውራ ጣት የለበትም።

ከዚያ ምን አደረግኩ? የመዝገበ ቃላቱን ፒዲኤፍ አግኝቼ ጫንኩት። አባቴ የቀይ እስክሪብቶ ሰው ነበር። አንድ ቃል ላይ ከሰው ከተከራከረ ያንን ያወጣል፣ ያሰምርበታል፣ ጠርዙ ላይ ቀኑን ይጽፋል። እኔም ባለፈው እሑድ ከአማቼ ጋር «ቀበኛ» በሚለው ቃል ተከራከርን። ኪንድሉን ከፈትኩ። ከሺህ በላይ ገጽ፣ ሁሉም ፎቶ፣ መፈለጊያው አይሠራም። ደግሞ ሀ ለ ሐ መ ብዬ ቆጥሬ ቀ ይኖርበታል ወዳልኩት ቦታ ዘለልኩ። ሌላ ፊደል። ተመለስኩ። ሌላ። መጽሐፉ ለካ በአበገደ ተራ ነው የተደረደረው። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ስክሪኑ ብልጭ ይላል፤ አማቼ ቡናቸውን ጨረሱ።

ካርቶን ቁጥር 7ን ቀደድኩ። ሽፋኑን ስገልጥ አባቴ ውስጡ ወረቀት ለጥፎበታል፦ አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ ሐ ጠ የ... እስከ መጨረሻው። ከየፊደሉ ጎን ገጹ የሚጀምርበት ቁጥር በቀይ። ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀብኝም። በክርክሩ ተሸንፌያለሁ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። «ቀበኛ» ላይ ቀይ መስመር አለ፣ ጠርዙ ላይ 1979 ይላል። አባቴ ከማን ጋር እንደተከራከረ ማወቅ ፈለግኩ። የሚጠየቅ ሰው የለም።

ውጤቱ ይኸው፦ የእንግሊዝኛውን ልብ ወለድ ለአዟሪው ሸጥኩ። የዩኒቨርሲቲውን ለአንድ የሰፈር ልጅ በነፃ ሰጠሁ። አማርኛው አራት ካርቶን ፎቅ ወጥቷል። ባለቤቴ ቆጠረች። «አራት» አለች። ከዚያ ቡና አፈላች።

አዟሪው | እሑድ፣ ቀን 10፡35

ያ የተለጠፈው ወረቀት ሙሉ ነው? እስከ «ተ» አለው?

ባለካርቶኑ | እሑድ፣ ቀን 10፡41

ጋሼ፣ አይሸጥም አልኩዎት እኮ።

አዟሪው | እሑድ፣ ቀን 10፡43

መቼ ሽጥልኝ አልኩህ? ለማየት ነው። ሐሙስ አያት የማደርሰው መጽሐፍ አለኝ። ስንተኛ ፎቅ ነበር ያልከው?